ዋጋውን የማያውቅ ሻጭ ፊት ስንቆም



የእንጨት ሥራ ከሚማር አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጥያቄ ደረሰኝ። አሮጌ የእጅ መሣሪያ ይፈልጋል፤ መላጊያ፣ መሮ፣ መጋዝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲዞር ከርሞ በመጨረሻ ያገኘው እዚያው ሰፈሩ ነው። ባለቤታቸው አናጺ የነበሩ፣ አሁን የሞቱባቸው እናት አንድ ሣጥን ሙሉ መሣሪያ አወጡለት። ዋጋውን ሲጠይቃቸው “እኔ ምኑን አውቄው ልጄ፤ አንተው የመሰለህን ስጠኝ” አሉት። እሱ ግን ዋጋውን በደንብ ያውቃል። “ኡስታዝ፣ ትንሽ ብር ሰጥቼ ብወስደው ወንጀል አለብኝ? አልዋሸሁም፤ እሳቸውም ወደው ነው የሚሸጡት” ይላል።

መጀመሪያ ለእሱ የሚቆመውን ሐሳብ እንስማ። እውቀት በነፃ አይገኝም። ላይ ላዩን የዛገ ብረት በብርጭቆ ወረቀት እንደሚጸዳ፣ ስለቱ አጠገብ በዝገት የተበሳሳ መሮ ግን እንደማይሳልለት ለይቶ የሚያውቀው ለፍቶ ነው። የድሮ መጋዝ ጥርስ በሞረድ ደጋግሞ ይሳላል፤ ብዙዎቹ አዲስ መጋዞች ግን ጥርሳቸው በጣም ስለጠነከረ ሞረድ አይበላቸውም፣ ሲደንዙ ይጣላሉ። ይህን ያወቀ ሰው በእውቀቱ ቢያተርፍ ሸሪዓ አይከለክለውም። መዲና ውስጥ ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰዎች ዋጋ እንዲተምኑላቸው ቢጠይቋቸው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አልተመኑም። ስለዚህ ምናለሽ ተራ ካለ ነጋዴ ጋር ተከራከር፣ ዋጋ አስቀንስ። እሱም ሙያው ነው፣ ገበያውን ያውቃል።

እኚህ እናት ግን ነጋዴ አይደሉም። “አንተው የመሰለህን” ሲሉ ክርክሩን ትተው ዋጋውን በእጅህ አስቀመጡት። ከዚያች ቃል በኋላ ዋጋው አማና ሆኗል። ፉቀሃዎች እንዲህ ያለውን፣ ገበያውን የማያውቅና ያለ ክርክር በሌላው ላይ የተማመነን ሰው “ሙስተርሲል” ይሉታል። በሐንበሊ መዝሀብ ሙስተርሲል ከልክ ባለፈ ዋጋ ከተጎዳ ሽያጩን የማፍረስ መብት አለው። በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ማታለል እስከሌለበት ድረስ ሽያጩ ይጸናል። ልብ በሉ፤ ሽያጩ ጸና ማለት ግን ገዢው አላህ ፊት ከጥያቄ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከገጠር ሸቀጥ ይዞ የሚመጣን ሰው፣ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ወጥቶ መግዛትን ከልክለዋል። የገዛ ቢኖር እንኳ ሻጩ ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ምርጫ ሰጥተውታል። እዚህ ገዢው አንድም ውሸት ላይናገር ይችላል። ሆኖም ሻጩ ሳያውቅ ቀድሞ መግዛቱ ራሱ ተከለከለ።

“ወደው ነው የሚሸጡት” የሚለውንም እንመርምረው። መዋደድ ለንግድ መስፈርት መሆኑ እውነት ነው። ግን እሳቸው የወደዱት ምኑን ነው? ነገ ሌላ አናጺ መጥቶ እውነተኛውን ዋጋ ቢነግራቸው አሁንም ደስ ይላቸዋል? መልስህ “አይ፣ ያዝናሉ” ከሆነ፣ ዛሬ ወደዱ ያልከው አለማወቃቸውን ነው።

የጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቃል የገቡ ሶሓባ ናቸው። ጠበራኒ እንደዘገቡት፣ ፈረስ በ300 ዲርሃም ተገዛላቸው። እሳቸው ግን ወደ ሻጩ ሄደው ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል እያሉ እስከ 800 አደረሱለት። ዋጋ የጨመረው ገዢው ነው!

“ለአንድ አሮጌ መላጊያ ይህ ሁሉ?” የሚል ይኖራል። ሱረቱል ማዑን ትንሽ ነገር የሚከለክሉትን ትወቅሳለች። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) “ማዑን” ሰዎች የሚዋዋሱት ነገር ነው ብለው ሲያብራሩ መጥረቢያ፣ ድስትና ባልዲ ጠቅሰዋል። መጥረቢያ ማዋስ ከዲን ከተቆጠረ፣ የሟችን መላጊያ በምን ዋጋ እንደወሰድክ እንዴት አይቆጠርም?

ታዲያ ምን ያድርግ? ተጠግኖ የሚያወጣውን ዋጋ ይንገራቸው። ለእጀታ፣ ለመሳል፣ ለድካሙና ለተገቢ ትርፉ የሚቀነሰውንም ግልጽ ያድርግላቸው። መሣሪያው 3000 ብር ሊያወጣ ይችላል እንበል፤ “እኔ ይህን ያህል እለፋበታለሁ፣ 2000 ልስጥዎት” ቢላቸው ሐላል ትርፉ ከነክብሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አይርሳ፤ ሣጥኑ ሚራስ ነው። ሟቹ ልጆች ካሏቸው የሚስት ድርሻ ከስምንት አንድ፣ ከሌሏቸው ከአራት አንድ ነው። ልጆቹና ሌሎቹ ወራሾች ተስማምተዋል? ካልሆነ ሻጯ የሌሎችን ንብረትም እየሸጡ ሊሆን ይችላል። ይህንን መጠየቅ ያለበት ገዢው ነው፤ በተለይ የየቲም ሐቅ ካለበት።

ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጺ እንደነበሩ ሐዲሥ ነግሮናል። በእጅ ሠርቶ መብላት የነቢያት መንገድ ነው። ያ መንገድ የሚጀምረው መላጊያው እንጨት ላይ ከማረፉ በፊት፣ በምንገዛበት ሰዓት ነው።

እስቲ ዛሬ ከጁምዓ መልስ እናስብ፤ ባለማወቁ ያተረፍንበት ሰው አለ? ካለ ስልኩ እጃችን ላይ ነው፤ እንደውልለት። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሐላላችንን በረካ ያድርግልን። ሱረቱል ካህፍንና ሰለዋትን አንርሳ።

ጁምዓ ሙባረክ!