ቀኑን ሳይሆን ጌታን መጠበቅ



በግዕዝ ሥርዓታችን የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ይባላል። በዚያ ዕለት የሚነበበው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ነው፤ ጌታችን በደብረ ዘይት ተራራ ተቀምጦ ስለ ኢየሩሳሌም መፍረስና ስለ ዳግም ምጽአቱ ያስተማረው ትምህርት። ይህን ወንጌል ካቶሊካውያንም ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንም በአንድ ሰንበት እንሰማዋለን። ከደጀ ሰላም ከወጣን በኋላ ግን ትርጓሜው ይለያያል።

በወረታ ገበያም ሆነ በፎገራ ሜዳ መንደሮች ኑሮ ሲከብድ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፥ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶም በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት ይህን አነጋገር አበርትቶታል። አንዱ ዓመቱን በስሌት አገኘሁ ይላል። ሌላው ምእመናን ከመከራው በፊት በድንገት ይነጠቃሉ ብሎ ያስተምራል። ሦስተኛው ክትባቱንና የመታወቂያ ቁጥሩን «666 ነው» ብሎ ይሸሻል። በአንድ ጣራ ሥር እናት፥ ልጅና ጎረቤት በዚህ ጉዳይ ተቀያይመው ሲለያዩ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ የትርጓሜዎቹን ምንጭ መርምሮ ማወቅ ይበጃል።

የክርክሩ ዋና ምንጭ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 20 የተጻፈው የሺህ ዓመት መንግሥት ነው። ከጥንት አባቶች ቅዱስ ዮስጢኖስና ቅዱስ ኢሬኔዎስ ክርስቶስ ከትንሣኤ በኋላ በምድር ላይ ሺህ ዓመት ይነግሣል ብለው በቀጥታ ተረድተውታል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ግን «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ ሺሁ ዓመት ከክርስቶስ መምጣት እስከ ዳግም ምጽአቱ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ዘመን እንደሚያመለክት አስረዳ። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ጸንቶ የኖረው ይህ ትርጓሜ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ አዳዲስ ትምህርቶች ተነሡ። አሜሪካዊው ዊልያም ሚለር ከትንቢተ ዳንኤል ቍጥሮች ተነሥቶ ያሰላውን ስሌት ተከታዮቹ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844 ላይ አደረሱት፤ ቀኑ መጣ፥ አለፈም። ጆን ኔልሰን ዳርቢ የተባለው ሰባኪ በበኩሉ የምእመናንን መነጠቅና የጌታን በክብር መገለጥ በሁለት ጊዜ ከፍሎ አስተማረ። በአንዳንድ ወንጌላውያን ማኅበራት ዛሬ የሚሰማው የመነጠቅ ስብከት በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው።

ይህ የዘመን ስሌት ፈተና የውጭ አገር ሰዎች ብቻ አይደለም። በአባቶቻችን ባሕረ ሐሳብ ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይቈጠራል፤ ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመውም በ1500 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ የግራኝ አሕመድ ጦርነት ተነሣ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፥ ሕዝቡም ተበተነ። ፍጻሜው ደረሰ ለማለት ከዚያ የበለጠ ምክንያት ያለው ትውልድ በአገራችን አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም ጦርነቱ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ አበቃ፤ ሕዝቡም አብያተ ክርስቲያናቱን መልሶ ሠራ።

ሌላው ምሳሌ ለወረታ ጎረቤት ነው። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው መጽሐፍ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ይህን ስም መረጡ፤ ደብረ ታቦርንም መቀመጫቸው አደረጉ። አገር አንድ ለማድረግ የነበራቸው ምኞት ታላቅ ነበር። ነገር ግን የትንቢቱን ስም መያዝ የትንቢቱን ሰላም አላመጣም። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በዚያው በ1847 ዓ.ም. ስለ ካቶሊካዊት እምነታቸው በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ዐረፉ። በ1859 ዓ.ም. የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተዘርፈው ተቃጠሉ። ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት በመቅደላ ሕይወታቸውን በእጃቸው አጠፉ። ትንቢትን በአንድ ሰው ወይም በአንድ ዘመን ላይ ለመለካት የሚቸኵል ሁሉ ይህን ያስብ።

እንግዲህ እናት ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች? ጌታ በክብር እንደሚመጣ፥ ሙታን እንደሚነሡ፥ በሕያዋንና በሙታን ላይ እንደሚፈርድ በጸሎተ ሃይማኖት እንመሰክራለን። ከዚያ በፊትም የብዙዎችን እምነት የሚያናውጥ ፈተና እንደሚኖር እናምናለን። ነገር ግን ቀኑንና ሰዓቱን ከአብ በቀር ማንም እንደማያውቅ ጌታ ራሱ ተናግሯል (ማቴ. 24፥36)፤ ወደ ሰማይ ሲያርግም ዘመናትን ማወቅ የሐዋርያት ድርሻ እንዳልሆነ ነግሯቸዋል (ሐዋ. 1፥7)። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 676 የመሲሑ መንግሥት በዚህ ዓለም ታሪክ ውስጥ ይፈጸማል የሚለውን የሺህ ዓመት ትምህርት፥ ለስለስ ብሎ ቢቀርብም እንኳ፥ አይቀበልም።

ይህ ማለት ግን የምጽአት ቃል ሁሉ አንድ ፍች ብቻ አለው ማለት አይደለም። የጎንደር ሊቃውንት በጉባኤ ቤት «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ሲተረጕሙ እምነቱን አያፈርሱም። የማቴዎስ 24 ቃልም አንድም በ70 ዓ.ም. ገደማ ስለ ፈረሰችው ኢየሩሳሌም፥ አንድም ስለ ዓለም ፍጻሜ፥ አንድም ስለ እያንዳንዳችን ሞት ነው ብንል ከአባቶች መንገድ አንወጣም። 666ን በሚመለከትም ብዙ ሊቃውንት ቍጥሩ በዕብራይስጥ ፊደል ሲቈጠር ኔሮን ቄሣር የሚለውን ስም እንደሚያመለክት ያስረዳሉ፤ ምልክቱም በራእይ 13 ለአውሬው ከመስገድ ጋር የተያያዘ ነው። ሳይሰግድ፥ ክርስቶስን ሳይክድ፥ በመርፌ ወይም በካርድ ምክንያት ብቻ የሚጠፋ ክርስቲያን የለም። በዚህ ፍርሃት ልጇን ከኩፍኝ ክትባት የምታስቀር እናት ግን ልጇን ለእውነተኛ አደጋ ታጋልጣለች።

ወንድሞችና እኅቶች፥ የተሳሳተ ትርጓሜ ጉዳቱ በክርክር አያበቃም። በተሰሎንቄ ጌታ ደርሷል ተብሎ በተወራ ጊዜ ሥራ የፈቱ ሰዎች ነበሩ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በጸጥታ ሠርተው የራሳቸውን እንጀራ እንዲበሉ አዘዛቸው (2ኛ ተሰ. 3)። የፎገራ ገበሬ ይህን ትምህርት በእጁ ያውቀዋል። ርብና ጉማራ በክረምት ከዳራቸው ሲወጡ ሜዳው ባሕር ይመስላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። «ይህ የቍጣ ምልክት ነው» ብሎ እጁን ያጣጠፈ ሰው ለተፈናቃዩ ጎረቤት አልጠቀመውም፤ የጠቀመው ታንኳ ያቀረበ፥ እህሉን ያካፈለና ቤቱን የከፈተ ነው። ቀድሞ ውኃ ይተኛበታል ተብሎ ለእህል ይናቅ የነበረው መሬትም ሩዝ ከገባበት ወዲህ የሜዳው መተዳደሪያ ሆኗል፤ ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል። ገበሬው ዝናቡ የሚመጣበትን ሰዓት ሳያውቅ ማሳውን አርሶ፥ ዘሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ነቅቶ መጠበቅ ማለት ይህ ነው።

ጌታ ከምዕራፍ 24 ቀጥሎ በምዕራፍ 25 የፍርዱን ጥያቄ አስቀድሞ ነግሮናል። ቀኑን ስንት ብላችሁ አሰላችሁ አይለንም፤ የተራበውን አበላችሁን፥ እንግዳውን ተቀበላችሁን፥ የታመመውንና የታሰረውን ጎበኛችሁን ይለናል። በዚህ የግጭት ዘመን እነዚህ ሁሉ በየደጃችን አሉ። እንግዲህ በምጽአት ትርጓሜ ከጎረቤታችን ብንለይም በእነዚህ ሥራዎች ከእርሱ ጋር እንተባበር። በትርጓሜ የተጣላችሁ የአንድ ቤት ሰዎችም ክርክሩን ለጊዜው አቆዩት፤ መጀመሪያ ታረቁ። ጌታ ሲመጣ ታርቀን፥ በሥራ ላይ ሆነን እንዲያገኘን ይርዳን። አሜን።