መሪ ሕዝቡን ሲያማክርና ሕዝቡን ሲፈራ

አንድ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከባዕድ መንግሥት ጋር ስላደረገው ውል ወይም ስለ ገባበት ጦርነት በተነሣ ቍጥር፣ «የአገርን ጥቅም ለወንበሩ ሲል አሳልፎ ሰጠ» የሚል ክስ በጋዜጣና በሸንጎ ይሰማል፤ እኔም ክሱ ብዙ ጊዜ እውነትነት እንዳለው ባምንም፣ በሰማሁት ቍጥር ልቤ አይረጋም። በሕዝብ ድምፅ የሚሾምና በሕዝብ ድምፅ የሚሻር ሹም የሿሚዎቹን ፈቃድ ስለ ተመለከተ ብቻ ከተወቀሰ፣ ፈቃዳቸውን ከማይጠይቅ ንጉሥ በምን ሊለይ ነው?

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር፣ ክሱ ከማንም ይልቅ የሚስማማውን የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንን ታሪክ እንመርምር። እ.ኤ.አ. በሜይ 27 ቀን 1964 ጆንሰን ከአማካሪው ከማክጆርጅ ባንዲ ጋር በስልክ ሲነጋገር፣ ቬትናም ሊዋጉላት የሚገባ ሆና እንደማትታየው፣ መውጫውም ግን እንደ ጠፋው ተናገረ፤ ድምፁም ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይሰማል። በዚያ ጧት የሚያገለግለውን የሃምሳ አለቃ፣ የስድስት ልጆች አባት የሆነውን ሰው፣ ዕቃውን ሲያዘጋጅለት ተመልክቶ፣ ይህን አባት ወደዚያ ጦርነት ሂድ ብዬ ባዝዘው ስለ ምን ብዬ ነው እያለ ይጨነቅ ነበር። በዚያው ቀን ለረጅም ዘመን ወዳጁ፣ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ለሪቻርድ ራስል፣ ከቬትናም ሸሽቶ የወጣን ፕሬዚዳንት ከሥልጣን ለማውረድ ሳይከሱት እንደማይቀሩ ያደረበትን ሥጋት ገለጸለት።

በጓዳ እንዲህ ያለ ሰው በአደባባይ የተናገረው ሌላ ነው። በኦክቶበር 21 ቀን በኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ፣ የእስያ ልጆች ለራሳቸው ሊሠሩት የሚገባውን እንዲሠሩ የአሜሪካን ልጆች ወደዚያ ሩቅ አገር እንደማይልክ ለመራጮቹ አረጋገጠ፤ በኖቬምበር ከመቶ 61 እጅ ድምፅ አግኝቶ ተፎካካሪውን ባሪ ጎልድዎተርን ድል ነሣ፤ በማርች 8 ቀን 1965 ደግሞ 3,500 የማሪን ወታደሮች በዳ ናንግ ወደብ ወረዱ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ከ58,000 በላይ አሜሪካውያን ሞቱ፤ የቬትናም ሙታን ግን በሚሊዮን ይገመታሉ።

ከዚህ ተነሥቶ «ፖለቲካን ከመልካም የውጭ ምክር አስቀደመ» ብሎ መፍረድ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፖለቲካን ያልተመለከቱት ሊቃውንት ምን መከሩ? ባንዲና የመከላከያው ሚኒስትር ሮበርት ማክናማራ በ1965 መጀመሪያ ኃይል እንዲጨመር የጻፉት በጥናትና በስሌት ተመርኵዘው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የምርጫ ሰው የነበረው ምክትል ፕሬዚዳንት ሂዩበርት ሃምፍሬይ ግን፣ በፌብሩዋሪ ወር ባቀረበው ማስታወሻ፣ ሕዝቡ ምክንያቱን ያልተረዳው ጦርነት ሊዘልቅ እንደማይችል፣ ከታላቁ የምርጫ ድል በኋላ ያለው 1965ም ከቬትናም ለመውጣት የፖለቲካው አደጋ እጅግ ያነሰበት ዓመት መሆኑን አስረዳ። ምክሩ የፖለቲካ ምክር ነበረ፤ እውነተኛም ነበረ፤ ዋጋውም ስለ ቬትናም ከሚመከርበት ጉባኤ ለብዙ ወራት መገለል ሆነ።

እንግዲህ የክሱ ኃይል መሪው ወደ መራጩ በመመልከቱ ላይ አያርፍም። ሃምፍሬይም ጆንሰንም ወደ መራጩ ተመለከቱ፤ ልዩነቱ አንደኛው ሕዝቡን የነገሩ ዳኛ አድርጎ ሲቈጥረው፣ ሁለተኛው እውነቱ ሊሰወርበት እንደሚገባ ባለጋራ ፈራው። ሕዝቡን የሚያማክር መሪ ዋጋውን ከፊቱ ያቀርብለታል፤ የሚፈራው ግን ድምፁን ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን ያስከፍለዋል።

ይህን ልዩነት ይዤ በሰላም እንዳልቀመጥ የሚያደርገኝ አንድ መቃወሚያ አለ። ጆንሰን የፈራው ለወንበሩ ብቻ አልነበረም ይባላል። ቬትናም በእርሱ ዘመነ ሥልጣን ብትወድቅ፣ ለድኆችና ለጥቁሮች ያሰበው ሕግ ሁሉ በጠላቶቹ ጩኸት ይወድቅ ነበር። ቀኖቹን አሰልፈን ብናይ ነገሩ ያስደነግጣል፤ በጁላይ 28 ቀን 1965 በቬትናም ያለው ጦር ከ75,000 ወደ 125,000 እንዲያድግ መወሰኑን አስታወቀ፤ በጁላይ 30 ለሽማግሌዎች የሕክምና መድኅን የሚሰጠውን ሕግ፣ በኦገስት 6 የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያስከብረውን ሕግ ፈረመ። በኦክቶበር 3 ደግሞ በነፃነት ሐውልት ሥር ቆሞ፣ ኢትዮጵያን ለመሰለ አገር በዓመት የ100 ሰው ኮታ ብቻ የሚሰጠውን የቀድሞውን የስደተኞች ሕግ የሻረውን አዲስ ሕግ ፈረመ። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተክለው፣ ልጆች አሳድገው ከሚኖሩት ወገኖቻችን ከፊሎቹ በዚያ ሕግ በተከፈተ በር የገቡ ናቸው፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከጥቅም የራቀ ዳኛ ነኝ ለማለት አልደፍርም።

በጎው በክፉው ተገዝቶ ከሆነስ? በአንድ ወገን ማርቲን ሉተር ኪንግ በኤፕሪል 4 ቀን 1967 በኒው ዮርክ በሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ ለድኆች የታሰበውን ተስፋ ጦርነቱ እንደ በላው መስክሯል። ከ1964ቱ ምርጫ በኋላ የጆንሰን ፓርቲ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት 295፣ በሕግ መወሰኛው 68 ወንበር ስለ ነበረው፣ ፍርሃቱ ከኃይሉ በላይ ነበረ ማለት ይቻላል። በሌላው ወገን ግን የመምረጥ መብቱ ሕግ ከጦርነቱ በኋላም ሲሠራ ኖሯል፤ ጆንሰን ከቬትናም ወጥቶ ቢሆን ያው ሕግ ያልፍ ነበር ብሎ በእርግጥ የሚምል ሰው የለም። ስለዚህ «ፖለቲካን ማስቀደም ሁልጊዜ ኃጢአት ነው» የሚለውን ሰፊ ፍርድ ልተወው ግድ ሆኖብኛል።

የሚቀረኝ ጠባብ ፍርድ ነው፤ ስለ እርሱ ግን አልጠራጠርም። ልውውጡ ጽድቅ ነበረ ብንል እንኳ፣ ልውውጡን የመፈጸም ሥልጣን የዋጋው ከፋዮች ነበረ። ለስድስቱ ልጆች አባት የተጨነቀው ሕሊና ጭንቀቱን በአደባባይ ቢገልጸው ኖሮ፣ ሕዝቡ ወይ ጦርነቱን ይከለክለው፣ ወይ ዐውቆ ይገባበት ነበር፤ የስሕተቱም ተካፋይ እንጂ ተታላይ ባልሆነ። የቬትናም ሰዎች ድምፅ ግን በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድም አልተቈጠረም፤ ይህ ጕድለት በግልጽነት ብቻ የሚድን አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ ፕሬዚዳንት የውጭውን ጉዳይ ለምርጫ ሲል አበላሸ የሚል ክስ ስትሰማ፣ ምርጫን ማሰቡን ትተህ፣ በጓዳ የተናገረውን በአደባባይ ተናግሮት እንደ ሆነ ጠይቅ፤ ካልተናገረው ፍረድበት።