«በሩን ዝጋ»፦ የእንግሊዝኛዋ «ዘ» ምን ትላለች?

እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው መጀመሪያ የምትመጣውም፣ እስከ መጨረሻ የምታስቸግረውም ቃል «ዘ» ናት። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እሷን ያህል የሚደጋገም ቃል የለም፤ ትርጉሟ ሲጠየቅ ግን መምህሩም ይቸገራል። ከግዕዙ «ዘ» ጋር የምትገናኘው በድምፅ ብቻ ነው፤ ዝምድና የላቸውም። ታዲያ ምን ትላለች?

ትውልዷ ከጠቋሚ ቃል ነው። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ለወንዴ፣ ለሴቴና ለግዑዝ ስም የተለያየ ጠቋሚ ነበረው፤ እያንዳንዱም እንደ አገባቡ ይረባ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ያ ሁሉ እርባታ ተራግፎ «ዘ» ብቻዋን ቀረች። የግዑዙ ጠቋሚ ደግሞ ዛሬም «ዛት» ተብሎ «ያ» እያለ ይጠቁማል። «ዘ» እንግዲህ ጣቷን ያጠፈች ጠቋሚ ናት። በአማርኛ ይህን ሥራ የሚሠራው ቅጥያ መልኩ የባለቤትነት ነው፤ «ቤቱ» ስንል የታወቀው ቤትም፣ የእሱ ቤትም ሊሆን ይችላል።

ፈላስፋው በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1905 ቃሏን መረመረ። በእንግሊዝኛ በ«ዘ» ጀምሮ «የዛሬው የፈረንሳይ ንጉሥ መላጣ ነው» ቢባል፣ ፈረንሳይ ንጉሥ የላትምና፣ እውነት ነው ሐሰት? ራስል ሐሰት ነው አለ፤ «ዘ» በውስጧ «እንዲህ ያለ አለ፤ ያለውም አንድ ብቻ ነው» የሚል ነገር ይዛለችና። ሌላው ፈላስፋ ፒተር ስትሮውሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ተቃወመው፤ ንጉሡ ከሌለ ስለ መላጣነቱ እውነት ወይም ሐሰት የሚባል ነገር አይነሳም ሲል።

እኔ ወደ ስትሮውሰን አደላለሁ። እናት ልጇን «በሩን ዝጋ» ስትለው ቤቱ አራት በር ሊኖረው ይችላል። ልጁ ግን በር አይቆጥርም፤ ብርድ የሚገባበትን ሄዶ ይዘጋል። እንግሊዛዊቷ እናትም በ«ዘ» የምትለው ይህንኑ ነው፦ «የቱን እንደምል ታውቃለህ።» የራስል ወገን «ብርድ የሚገባበት በር» ብለህ ሙላው፣ አንድ ብቻ ይሆናል ይል ይሆናል። ግን መሙያውን ከየት አመጣነው? ከእናትና ከልጅ መግባባት። ቃሏ የቆመችው በዚያ መግባባት ላይ ነው።

መግባባት ባለበት ደግሞ ማታለልም ይገባል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ሎፍተስና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጥናት ለሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ከፊሉን «የተሰበረ የፊት መብራት አየህ?»፣ ከፊሉን ደግሞ «ዘ» ጨምረው «የተሰበረውን የፊት መብራት አየህ?» ብለው ጠየቁ። በ«ዘ» የተጠየቁት፣ በፊልሙ ያልነበረውን ጭምር «አዎ፣ አይቻለሁ» ማለት አበዙ። በአማርኛው ልዩነቱ «ውን» ብቻ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ሰው «የደበቅከውን ገንዘብ የት አደረግከው?» ቢልህ፣ «የት» ለሚለው ከመመለስህ በፊት «የቱን ገንዘብ?» በል።