የተዋስነው መልክ

የኪነ ጥበብ ሰው ለሥራው መነሻ የሚሆነውን ስሜት ከሌላው ሕይወት ሲያገኝ፣ የሚወስደው ስጦታ ነው ወይስ ብድር?

ይህ ጥያቄ ያደረብኝ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ በዛሪማ ነው። በአንድ የገበያ ቀን፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ አንዲት እናት ፎቶግራፍ አነሣሁ። ከዚያ ፎቶግራፍ የአንድ ቴአትሬ ዋና ገጸ ባሕርይ ተወለደች፤ አለባበሷም አቋቋሟም የእርሳቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ባገኛቸው፣ «ልጄ፣ መልኬን ወስደህ የት አደረስኸው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ለራሴ ማስተባበያ መፈለጌ አልቀረም። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ቁልቁል የሚመለከቱን መላእክት በ1880 ዓ.ም. ከደረሰው የደርቡሽ ቃጠሎ ተርፈው ዛሬም የስንቱን ሠዓሊ መንፈስ ሲቀሰቅሱ፣ የሣላቸውን ሰው ስም የሚጠይቅ ተመልካች ጥቂት ነው። እንግዲያው ከስም ይልቅ ሥራ ይበልጣል አልሁ። ይሁን እንጂ ሠዓሊው ስሙን ቢተው የተወው የራሱን ነው፤ እኔ የተውሁት ግን የሌላ ሰው ነው።

የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተሰኘው ፊልሙ፣ ገበሬውን ለጌጥ አያቀርበውም፤ ድካሙን ሳይቸኩል፣ ጊዜ ሰጥቶ ያየዋል። የብድሩ መጀመሪያ ክፍያ ይህ ትዕግሥት ነው፤ ሁለተኛው ተመልሶ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ የቴአትሩን ጽሑፍ ይዤ ዛሪማ ተመለስሁ፤ አነበብሁላቸው። አንዱን ንግግር፣ «እኔ እንዲህ አልልም» አሉ።

ሰረዝሁት።