የሰው የእንጀራው ወሬ የማን ገንዘብ ነው?

አንድ ሰው በሌሎች ላይ ተሾሞ ሳለ፥ ከእርሱ በታች ያሉት ሠራተኞች የሚኖሩበት ደመወዝ ሊቋረጥ ይችላል የሚል ገና ያልተቈረጠ ነገር ወደ ጆሮው ቢደርስ፥ ምን ማድረግ ይገባዋል? ነገሩ እስኪቈረጥ ድረስ በልቡ ይዞ ዝም ሊል ይገባዋልን? ወይስ ያወቀውን ካላወቀው ለይቶ ሊነግራቸው ይገባዋል? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰሙት የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን ብዙ ቤት የሚቆምበትና የሚፈርስበት ስለ ሆነ የሕሊናም ጉዳይ ነው።

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አይከል የጭልጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የጭልጋ አገር ከጥንት ጀምሮ በጎንደርና በሱዳን መካከል የገበያና የቀረጥ በር ስለ ነበረ፥ ወሬ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ሲራራ ነጋዴ በቅፍለት ሲጓዝ፥ ከፊት ያለው ወንዝ ሞልቷል ወይም መንገዱን ሽፍታ ይዞታል የሚል ወሬ የሰማ የቅፍለት አለቃ፥ ወሬውን ለብቻው ይዞ ቢጓዝ፥ የሚጠፋው የእርሱ ጭነት ብቻ አይደለም። ከዘመድ ተበድሮ በአንዲት አህያ ጥቂት ሸቀጥ የጫነው ድኻ ነጋዴም አብሮ ይጠፋል። ያ ድኻ ወሬውን በጊዜው ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፥ ወይ በዚያው ያድር ነበር፤ ወይ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር፤ ወይም አደጋውን ዐውቆ ይሄድ ነበር። ከሦስቱ አንዱን መምረጥ የእርሱ ፋንታ ነበር። አለቃው ዝም በማለቱ የወሰደበት ይህንኑ ምርጫ ነው።

ዛሬ ቅፍለቱ ሌላ ነው። በአይከልም እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞች መምህሩ፥ የጤና ሠራተኛውና ጸሓፊው በወር ደመወዝ ይኖራሉ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ በፌዴራሉ ምክር ቤት የጸደቀው ድጎማ ወደ ክልል፥ ከክልልም ወደ ወረዳ ይወርዳል፤ ከወረዳው የገንዘብ ጽሕፈት ቤትም ደመወዙ ለሠራተኛው ይደርሳል። ከዚህም ሌላ ከውጭ አገር በሚመጣ ርዳታ በውል የሚቀጠሩ ሰዎች አሉ። እንግዲህ የአንድ ሰው እራት፥ እርሱ አይቶት በማያውቀው አዳራሽ ውስጥ በሚፈረም ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በእርሱና በዚያ አዳራሽ መካከል የቆመው አለቃም፥ እንደ ቅፍለቱ አለቃ፥ ወሬ የሚደርሰው ከሁሉ አስቀድሞ ነው።

የውጭ እጅ ለጎንደር አገር እንግዳ አይደለም። በደንቢያ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ በኋላ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1954፥ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፥ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ አሜሪካ፥ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ረድተዋል። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። ነገር ግን የተዘረጋ እጅ የሚታጠፍበትም ቀን አለ። በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል በተከበረ በማግሥቱ፥ ጥር 12 ቀን፥ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ለውጭ አገር የሚሰጠው የልማት ርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ። ሳምንት ሳይሞላ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ በደብዳቤ አስታወቀ። በመጋቢት 1 ቀን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከርዳታ ድርጅቱ ሥራዎች 83 በመቶው መሰረዙን ተናገሩ፤ ሰኔ 24 ቀን ደግሞ ድርጅቱ ራሱን ችሎ መሥራቱን አቆመ።

ደብዳቤው ለደረሳቸው ሰዎች ዜናው መራራ ነበር። ሆኖም የተቈረጠ ነገር ነበር። የተቈረጠ ክፉ ወሬ ሰውን ያስለቅሰዋል፤ ካስለቀሰው በኋላም ተነሥቶ ሌላ በር እንዲያንኳኳ ያደርገዋል። ያልተቈረጠ ነገር ግን፥ የሚናገር ሰው ሲያጣ፥ ሰውን አስቀምጦ ይበላዋል። ሥራው ይቀጥል ወይም ይቅር ሳይነገረው ከጥር እስከ መጋቢት የሚቈጥር ሰው ኀዘኑን እንኳ ለመጀመር አይችልም።

አሁን በአይከል ወይም አይከልን በመሰለች ከተማ ያለ አንድ የኮሌጅ አለቃ ይታሰብ። ከመምህራኑ እኩሌቶቹ የሚከፈላቸው ከመንግሥት በጀት፥ እኩሌቶቹ ደግሞ ከርዳታ ገንዘብ ነው እንበል። የርዳታው ገንዘብ በመጪው ዓመት ላይመጣ ይችላል የሚል ቃል ከበላይ ሰማ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ዝም ለማለት ሦስት ምክንያት አለው፤ ሦስቱም ሊናቁ የሚገባቸው አይደሉም።

የመጀመሪያው ምክንያት ርኅራኄ ነው። «ላይደርስ ለሚችል ነገር ስለ ምን አስቀድሜ አስጨንቃቸዋለሁ? ጭንቀቱን እኔ ልሸከመው» ይላል። ይህ የእረኛ አሳብ ይመስላል። ነገር ግን እርሱ ዝም ባለበት ወራት የመምህራኑ ኑሮ ዝም ብሎ አይቆምም። አንዱ የዓመት ኪራይ ይዋዋላል። አንዱ ከብድርና ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያወጣል። አንዷ ልጇን ጎንደር አስገብታ ታስተምራለች። አንዱ በጥር ሊያገባ ሽማግሌ ይልካል። ሁሉም ይህን የሚያደርጉት ደመወዙ እንደ አምናው ይቀጥላል ብለው ነው። ስለዚህ ጭንቀቱን አለቃው ብቻውን የተሸከመው አይደለም፤ ዕዳውን እነርሱ ተሸክመውታል፤ ልዩነቱ አለማወቃቸው ብቻ ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል። ወሬው ያልተነገረው ሰው ግን መላ የሚጨምረው በምን ላይ ነው?

ሁለተኛው ምክንያት የሥራ መፍረስ ፍርሃት ነው። ይህን የሚያጸና ትልቅ ምሳሌ ከአይከል ወደ ምዕራብ በሚወስደው በዚያው መንገድ ጫፍ ይገኛል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከመሐዲስቶች ጋራ ሲዋጉ፥ ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን አዘንብሎ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። መቍሰላቸው በሠራዊቱ ዘንድ በተሰማ ጊዜ ሊያሸንፍ የቀረበው ጦር ተፈታ። «ወሬው ያን ቀን ባይሰማ ኖሮ!» የሚል ሰው ስሕተተኛ ነው ለማለት አይቻልም። ዳሩ ግን በጦር ሜዳ ላይ ለአንዲት ሰዓት የሚሰወር ነገርና ለወራት የሚሰወር ነገር አንድ አይደሉም። የሰዓቱ ዝምታ የሰውን ሕይወት ለማትረፍ ሊሆን ይችላል፤ የወራቱ ዝምታ ግን የሰውን ሕይወት መብላት ነው። ደግሞም ረጅም ዝምታ ወሬን አይገድለውም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ብዙ ጊዜ ተሰውሮ ቈየ። ሰው ግን ያልተነገረውን በግምት ያውቃል፤ በግምት ያወቀውንም በሹክሹክታ ያበዛዋል። ሹክሹክታ ደግሞ የሚጠየቅ ባለቤት ስለሌለው፥ የሚያርመው ሰው አይገኝም።

ሦስተኛው ምክንያት አለቃው ለራሱ እንኳ በግልጽ የማይናገረው ነው። «ይህን ከነገርኋቸው ደኅና ደኅናዎቹ ትተውኝ ወደ ጎንደር ይሄዳሉ» ብሎ ይሰጋል። ይህ ስጋት እውነት ነው፤ አንዳንዶቹ ይሄዳሉ። እውነትን የሚናገር ሰው ምንም አይጐድልበትም ብሎ መስበክ ሐሰት ነው። ነገር ግን ሰውን ባለማወቁ አስሮ ማሠራት ምን ይባላል? የሄደው መምህር የሄደው የራሱን እግር ይዞ ነው። እንዲቀር የተደረገውም አታልለው ነው። አደጋውን ዐውቆ «እቈያለሁ» ያለ አንድ መምህር፥ ሳያውቁ ከተቀመጡት ከአምስቱ ይልቅ ለኮሌጁ ምሰሶ ይሆናል።

እንግዲህ የነገሩ ሥር ይህ ነው። የሰው የእንጀራው ወሬ የዚያው ሰው ገንዘብ ነው። አለቃው አስቀድሞ ቢሰማውም በእጁ ያለው እንደ አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው «ባለቤቱን እንዳላስደነግጥ ብዬ አስቀመጥሁት» ቢል አይመሰገንም፤ የሰው ገንዘብ በጊዜው ካልተመለሰ መልካም አሳብ ከዕዳ አያድንምና።

ይህ ማለት ግን ሁሉ ነገር በአደባባይ ይነገር ማለት አይደለም። የንስሓ አባት የሰማውን እንደሚጠብቅ፥ አለቃም የአንድን ሠራተኛ ሕመም፥ ጥፋት ወይም የቤት ችግር ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ያ ምሥጢር የአንድ ሰው ገንዘብ ነውና። ከሥራ የሚሰናበት ሰው ቢኖርም ስሙ በጉባኤ ከመጠራቱ በፊት ለራሱ ለብቻው ሊነገረው ይገባል። የአንዱ የሆነው ለአንዱ፥ የሁሉ የሆነው ለሁሉ ይሰጥ፤ ፍትሕ ማለት ይህ ነው።

«ነገር ግን ያልተቈረጠውን ብናገር፥ ነገ ቢለወጥ ሐሰተኛ እሆናለሁ» የሚል ቢኖር፥ በዚያው በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ የሆነውን ይመልከት። ጥር 19 ቀን የፕሬዚዳንቱ የበጀት ጽሕፈት ቤት በአገር ውስጥም የሚሰጠው የፌዴራል ርዳታ እንዲታገድ ትእዛዝ አወጣ። በማግሥቱ ዳኛ አገደው። ጥር 21 ቀን፥ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፥ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ትእዛዙን ሻረው። በሦስት ቀን ሦስት ወሬ ማለት ነው። በዚያ አገር በየአውራጃው ያሉት የሕዝብ ኮሌጆች ከመንግሥታቸው ብዙ ርዳታ የሚቀበሉ ስለ ሆኑ ነገሩ በቀጥታ ይነካቸው ነበር። እንደዚህ ባለ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን «አለቀልን» የሚል አለቃ ሐሰተኛ ይሆናል። «አይዟችሁ፥ ምንም አይመጣም» የሚልም፥ በእጁ ያልያዘውን ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ስለ ሆነ፥ ሐሰተኛ ነው። «እስከ ዛሬ ማታ ያወቅሁት ይህን ነው፤ ይህን ግን አላውቅም» ያለው ግን በሦስቱም ቀን እውነተኛ ነው። ሐሰት የሚመጣው ነገሩ ስለ ተለወጠ አይደለም፤ ሰው ካወቀው በላይ ስለ ተናገረ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው አብነት ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ በመርከብ ላይ ያደረገው ነው። በመርከቡ 276 ነፍስ ነበረ፤ ብዙ ቀንም ፀሓይና ከዋክብት አልታዩም። ሐዋርያው ተስፋ በቈረጡት መካከል ቆሞ ሁለቱን ነገር ለየላቸው፦ መርከቡ ይጠፋል፤ ሰው ግን አይጠፋም አላቸው። ሊያጽናናቸው ብሎ የመርከቡን ጥፋት አልሸሸገም፤ እውነተኛ ልሁን ብሎም ተስፋውን አልነሣቸውም። ቀዛፊዎቹም መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በታንኳ ሊያመልጡ በፈለጉ ጊዜ ይህንንም በግልጽ ተናገረ። ሁሉም ወደ ምድር የደረሱት መርከባቸው ተሰብሮ ነው፤ ግን ደረሱ።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ፈተና በራሷ ላይ አይታዋለች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ይሁን ተብሎ ሲታወጅ፥ የአድባራቱና የገዳማቱ መሬትም አብሮ ሄደ፤ በመሬት ይተዳደሩ የነበሩ ካህናትና ደባትር ከዚያ በኋላ በምን እንደሚኖሩ አያውቁም ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፥ በ1965 ዓ.ም.፥ ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ አንድ ላይ ተቀምጠው የደብራቸውን ገቢና ወጪ የሚመረምሩበት ደንብ ወጥቶ ነበር። የደንቡ ስም ቃለ ዓዋዲ ነው። ዓዋዲ ማለት አዋጅ ነጋሪ ነው። ገንዘብን የሚመለከት ደንብ በነጋሪ ስም መጠራቱ አለቆችን ሁሉ የሚያስተምር ነው፦ የሌሎችን ኑሮ የሚያስተዳድር ሰው ከሹመቱ እኩሌታው ነጋሪነት ነው።

ስለዚህ ያ የኮሌጅ አለቃ መምህራኑን ሰብስቦ ሦስት ነገር ይንገራቸው። ያወቀውን ይንገራቸው። ያላወቀውን «አላውቅም» ብሎ ይንገራቸው። ሦስተኛውም፥ እንደገና የሚነግራቸውን ቀን ይቍረጥላቸው። ከሦስቱ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው። ቀጠሮው ሲደርስ አዲስ ወሬ ላይኖር ይችላል፤ አለቃውም ባዶ እጁን በሰዎቹ ፊት ለመቆም ያፍራል፤ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ ለመቅረትም ይፈተናል። በዚያ ቀን ሄዶ «ዛሬም አዲስ ነገር የለኝም፤ በሚመጣው ዓርብ በዚህ ሰዓት እንገናኝ» ቢል፥ ደመወዝ አልሰጣቸውም፤ ጭንቀታቸውንም አላራቀላቸውም። ነገር ግን ኪራዩን የሚዋዋለው ይዋዋል እንደ ሆነ፥ ሽማግሌ የሚልከውም ይልክ እንደ ሆነ፥ እያንዳንዱ ዐውቆ የሚቈርጥበትን የራሱን ገንዘብ መልሶ ሰጥቷቸዋል።