ድንጋዩ ፎቶው ውስጥ የለም

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ገፈርሳ ግድብ ዳር በሆዴ ተኝቼ ነበር። ዳክዬ ቆሞ ቁልቁል ሲያነሷት አታምርም፤ ካሜራው ከውሃው እኩል ዝቅ ሲል ነው ዓይኗ ከዓይናችሁ የሚገጥመው። ከፊቴ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ የዱር ዳክዬዎች አሉ። መንቁራቸው ጫፉ ላይ እንደ ማንኪያ የሚሰፋው፣ በየዓመቱ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡትም አብረው ነበሩ። ውሃውን በመንቁራቸው እያጣሩ ይበላሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሌላ ምንም አላደረጉም።

እኔ የፈለግኩት ግን ሲበሩ ነው። ድንጋይ ወረወርኩ።

ሁሉም ተነሱ። አጠገቤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነበር፤ ሳቀና እሱም ድንጋይ አነሳ። «ጋሼ፣ እኔም ልወርውርልህ?»

ፎቶው አሪፍ ወጣ። ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ማጥራት ጀመርኩ። ብርሃኑን አስተካከልኩ። ጥግ ላይ የምትንሳፈፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበረች፤ በሁለት ክሊክ አጠፋኋት። ከዚያ ወንዱ ዳክዬ ላይ ደረስኩ። የዚህ ዝርያ ወንድ ሲያምርበት ራሱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ ነው። በጥቅምት ግን ገና ነው፤ ከመራቢያ ወቅት በኋላ ላባውን ቀይሮ ለወራት እንደ ሴቷ ቡኒ ሆኖ ይቆያል። የኔው ራስ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ብልጭ ትላለች። ጨመርኩለት።

ፖስት ከማድረጌ በፊት ለጓደኛዬ አሳየኋት። «ኤዲት ነው እንዴ?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኳት። ያቺ «ትንሽ» እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም።

ኤዲት ማድረግ በራሱ ውሸት ነው ብዬ አላምንም። ያልተነካ ፎቶ የሚባል ነገር የለምና። ስልካችሁ ፎቶውን ገና ሳታዩት ቀለሙንና ብርሃኑን በራሱ አስተካክሎታል። የካሜራው ጥሬ ፋይል ደግሞ ደብዛዛ ነው፤ ዓይኔ ያየውን የነጭ ላባ ዝርዝር ፀሐይ ትበላዋለች። ብርሃኑን ሳስተካክል ያየሁትን ነው የምመልሰው።

ጠርሙሷስ? እሷንም አይቻታለሁ። ገፈርሳ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ ነው። ያቺ ጠርሙስ ስለዚያ ውሃ ከዳክዬዎቹ ያላነሰ የምትናገረው ነበራት። አረንጓዴውስ? ወፍ ማየት የጀመረ ሰው ፎቶዬን አይቶ በጥቅምት ቢመጣ፣ የፈለገውን አያገኝም፤ ፊቱ ያለውንም ቡኒ ወንድ «ሴት ናት» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ያህል ነካኸው?» አይመስለኝም። «የሚያየው ሰው ያልሆነውን ነገር ሆኗል ብሎ ያምናል ወይ?» ነው።

በዚህ ሚዛን ከሁሉ የከበደው ድንጋዩ ነው። ፎቶው ውስጥ ግን የለም። የትኛውም ሶፍትዌር አያገኘውም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ያሸነፈው፣ በር ዘሎ የሚያልፍ ተኩላ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዳኞቹ ተኩላው የተገራ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ሰረዙት። አንሺው አስተባብሏል። የዳኞቹ ክስ ግን ስለ ቀለም ወይም ስለ ኤዲት አልነበረም፤ ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ስለሆነው ነገር ነበር።

«በአንድ ድንጋይ ምን ይሆናሉ? ዳክዬ ድሮም ይበራል» ትሉ ይሆናል። እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርሮ የመጣ ወፍ ነው፤ ሲበላ የነበረው የጎደለውን ለመሙላት ነው፤ ያስነሳሁት ደግሞ ለላይክ ነው። ልጁም አለ። እሱ ከኔ የተማረው ስለ ዳክዬ አይደለም፤ ካሜራ የያዘ ትልቅ ሰው ሲመጣ ድንጋይ እንደሚያስፈልገው ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሞከርኩ። ከፎቶው ሥር ያደረግኩትን ሁሉ ልጽፍ ተቀመጥኩ። «ብርሃኑን አስተካክያለሁ» የሚለውን ሳላመነታ ጻፍኩ። «ጠርሙስ አጥፍቻለሁ» ላይ እጄ ዘገየ። «ራሱን አረንጓዴ ቀብቼዋለሁ» ስል አፈርኩ። «በድንጋይ ነው ያስነሳኋቸው» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት።

ፎቶውን ፖስት አላደረግኩትም። አሁን ከማንሳቴ በፊት ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው፦ ይህን ከሥሩ ልጽፈው እችላለሁ?

በታኅሣሥ ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ አወቀኝ፤ ድንጋዩንም አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «ዛሬ አንወረውርም፣ እንጠብቅ» አልኩት። «እስከ መቼ?» አለኝ። አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሌንሱን ሰጠሁትና በተራ በተራ ሲበሉ አየናቸው።