ባዕድ የሆነው ጨርቁ ነው ወይስ ምክንያቱ?

«ሒጃብ የዓረብ ባህል ነው፤ ኢትዮጵያዊት የሀገሯን ልብስ ትልበስ» የሚል ንግግር ዛሬም ከብዙ ወገኖቻችን አንደበት ይሰማል። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ የለበሰ ሰው መሆኑ ይገርመኛል። ክራቫቱ ከአውሮፓ መጣ ብሎ ኢትዮጵያዊነቱን የጠየቀው ግን የለም።

እኔ የመስቃን ተወላጅ ነኝ። እናቶቻችን ሻሻቸውን አስረው፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ቡታጅራ ገበያ ይወጣሉ። ነጠላውን ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ትለብሰዋለች፤ ድርና ማጉ አንድ ነው። ታዲያ ልጅቱ በሻሹ ፋንታ ሰፋ ያለ ሒጃብ ስታደርግ «ባዕድ» የምትባለው በየትኛው ሚዛን ነው? ራሷን ስለሸፈነች እንዳይባል እናቷም ሸፍናለች። ጨርቁ ከውጭ ስለመጣ እንዳይባል ሻሹም ከውጭ የገባ ነው። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ልጅቱ ለምን እንደለበሰችው መናገሯ ነው። እናት «ልማዳችን ነው» ስትል የተቆጣ አልነበረም፤ ልጅ «የጌታዬ ትእዛዝ ነው» ስትል ግን ያው መሸፈን ጥርጣሬ አስከተለ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የኢራኑ ሬዛ ሻህ እ.ኤ.አ. በ1936 ሴቶችን ሒጃብ ያስወለቀው በዘመናዊነት ስም ነበር። ታጂኪስታን እ.ኤ.አ. በ2024 «ለብሔራዊ ባህል ባዕድ» ያለችውን ልብስ የከለከለችው በባህል ስም ነው። በቱርክሜኒስታን ደግሞ ረጅሙ ባለ ጥልፍ ቀሚስ የሴት ተማሪዎች የደንብ ልብስ ሆኗል። ቀሚሱ ያማረ ነው። ሆኖም አያት ወዳ የለበሰችው ለልጅ ልጅ ትእዛዝ ሲሆን ባህልነቱ ምን ያህል ይቀራል? በሀገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ደንግጎ ሳለ፣ በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተከልክለው ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ደርሷል።

የራሳችንን ጓዳ ሳላይ ግን አላልፍም። አንዳንድ ወጣቶቻችን ባለ ጥለቱን የሀገር ባህል ቀሚስ «የክርስቲያን ልብስ» እያሉ እኅቶቻቸው ለሠርግ እንኳ እንዳይለብሱት ይከለክላሉ። ይህ ከየት የመጣ ፈትዋ ነው? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አዕራፍ ልብስን ነውር መሸፈኛም ጌጥም አድርጎ መስጠቱን ይነግረናል፤ የተቅዋ ልብስ ከሁሉ እንደሚበልጥም ያክላል። ዑለማዎቻችን የሚያስተምሩት መስፈርት ልብሱ የሚሸፍን፣ ሰፊና ገላን የማያሳይ እንዲሆን ነው። ቀለሙ የግድ ጥቁር፣ ስፌቱ የግድ የባሕረ ሰላጤው ይሁን የሚል የለበትም። በጥለቱ ላይ መስቀል ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሸማኔውን «አታድርግብኝ» ማለት ይበቃል።

ሰፋ ተደርጎ የተሰፋ የሽመና ቀሚስ ሒጃብ ከተጨመረበት ከዱባይ ከመጣ አባያ የሚያንስበት ነገር አይታየኝም። የሚበልጥበት ግን አለ፤ ዋጋው። በእጅ የተሸመነ ቀሚስ የብዙ ቀን ልፋት ስለሆነ ከአባያው ይወደዳል። አባያ የለበሰችዋን ሁሉ «ዓረብ መሆን አማራት» የሚሉ ሰዎች ከመፍረዳቸው በፊት ገበያ ወርደው የሁለቱን ዋጋ ቢጠይቁ ጥሩ ነው።